ከዳዊቱ አንዲት ቃል

 

በአምበር በኩል ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ የሚያልፈው መኪና ሳይበዛ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፣ በየቤቱ ዳዊት የሚደግም አለ። ውዳሴ ማርያም የሚያደርስ አለ። የሰኞውን በሰኞ፣ የማክሰኞውን በማክሰኞ። አባቶቻችን ጸሎቱን በየዕለቱ ከፍለው ሰጡን። ለዛሬ የዛሬውን።

እኛ ግን እንቸኩላለን። ዓይን ይሮጣል፣ ከንፈር ይከተላል፣ ልብ ወደ ኋላ ይቀራል። ዳዊቱ ወደ ማኅደሩ፣ እኛ ወደ ገበያ።

እስቲ ዛሬ መጽሐፉን ከማጠፋችን በፊት ትንሽ እንቆይ። ካነበብነው አንዲት ቃል እንያዝ። ብዙ አይደለም፤ አንዲት ቃል። «ታገሥ» የምትለዋን እንበል። እሷን ይዘን እንውጣ።

ገበያ ላይ ገዢው መጣ። ከጆንያው ጤፍ ቆንጥሮ መዳፉ ላይ በተነ። በጣቱ ገፋ ገፋ አደረገ። «አፈር አለው» አለ። ዓመት ሙሉ የለፋንበትን ጤፍ! ምላሳችን ተነሣ። ያቺ የጠዋት ቃል የምታስፈልገን ይኼኔ ነው። ጸሎታችን ከቤት አብሮን መውጣቱ የሚታወቀው ይኼኔ ነው።

ፊደል ያልቆጠራችሁ እናቶቼም፣ ይህ ለእናንተም ነው። አቡነ ዘበሰማያትን በቃላችሁ ታውቁታላችሁ። ከእሱ አንዲት ቃል ያዙ። እንጀራ ስትጋግሩ፣ ውኃ ስትቀዱ በልባችሁ መላልሷት።

ማታ ደግሞ ከመተኛታችን በፊት እንጠይቅ። ቃሏ ዛሬ የት ደረሰችልን? የት ረሳናት? ለነገ ሌላ ቃል አለ።