ስለ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የተደረገ ንግግር



እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች አዳማን ለመሰናበት ስንዘጋጅ አንድ ነገር ሁላችንንም ያስጨንቀናል፤ ይኸውም ፈተናውን ባናልፍ ምን ይውጠናል የሚል ነው። ስለዚህ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ሕይወት ልናስታውሳችሁ ወደድን።

እማሆይ እ.ኤ.አ. በ1923 በአዲስ አበባ ተወልደው፣ በስድስት ዓመታቸው ለትምህርት ወደ ስዊስ ተላኩ፤ በዚያም ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ። በጠላት ወረራ ዘመን ከቤተ ሰባቸው ጋር በኢጣልያ አሲናራ ደሴት ታሰሩ። ከነጻነት በኋላ በካይሮ ቫዮሊን አጠኑ። ለንደን ሄደው ሙዚቃ እንዲማሩ የተገኘው ዕድል ግን ፈቃድ በመከልከሉ ቀረ። እጅግ አዝነው ወደ ግሸን ማርያም ሄዱ፤ መነኰሱም።

ሆኖም ሙያቸው አልጠፋም። በጎንደር ምግብ እየለመኑና ደጅ እያደሩ ዜማ የሚማሩትን የቆሎ ተማሪዎች አይተው ልባቸው ተነካ። እ.ኤ.አ. በ1967 በጀርመን አገር የፒያኖ ሸክላ አሳትመው ገቢውን ለችግረኞች አዋሉት። በ2023 በ99 ዓመታቸው በኢየሩሳሌም ዐረፉ።

እንግዲህ ወላጆቻችን ሆይ፣ ከመካከላችን ያሰበው በር የሚዘጋበት ቢኖር፣ «ድካማችን ከንቱ ቀረ» አትበሉን። እኛም የተማርነውን ለሌላው እንድናካፍል በፊታችሁ ቃል እንገባለን።