የሐይቁን ከፍታ የሚለካ ሠራተኛ አላችሁ?

(ለኩባንያ ሥራ አስኪያጆች የተደረገ ንግግር)

እንዲያው ልጠይቃችሁ፤ ድርጅታችሁ የሚስበው ውሃ ከየት እንደሚመጣ የሚያውቅ ስንታችሁ ነው?

አብያታን ተመልከቱ። የዝዋይ ውሃ በቡልቡላ ወንዝ ወርዶ ይመግበዋል። ላይ መስኖው ጠጣ፣ ታች የሶዳ አሽ ፋብሪካው ቀዳ። ሐይቁ ሸሸ፣ ጨዉ በረታ፣ ዓሣው አለቀ። ሻላ ደሴት ላይ የሚፈለፍሉት ፔሊካኖች ዓሣ የሚያጠምዱት አብያታ ነበር፤ ማን ከቁም ነገር ቆጥሯቸው! ሁሉም የራሱን ቧንቧ ብቻ ነው ያየው።

በ2022 እ.ኤ.አ. ሞንትሪያል ላይ አገሮች ትላልቅ ኩባንያዎች በተፈጥሮ ላይ የሚያደርሱትን እንዲመዝኑና እንዲገልጹ ለማድረግ ተስማምተዋል። መዛኙ ግን ከሰማይ አይወርድም። የሒሳብ ሹሙን አሠልጥኑት። ፓምፕ የሚያንቀሳቅሰውን ልጅ የሐይቁን ከፍታ መለካት አስተምሩት፤ የጻፈውንም አንብቡለት። «ዛሬ ፓምፑ ይቁም» ሲላችሁ ደግሞ እባካችሁ አታባርሩት።