ዕዳው በብራና የሰፈረበት ባሮን

ደብተርና እርሳሳችሁን ለጊዜው አስቀምጡና ጆሮ ስጡን። ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ አንድ የጥንት እንግሊዛዊ ባላባትና ስለ ቤተሰቡ ነው። ዓመቶቹን የምንጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ሰውየው ዊልያም ደ ብሮዝ ይባላል። በደቡብ እንግሊዝ የብራምበር ጌታ፣ በዌልስ ድንበር ደግሞ የራድኖር፣ የብሬክንና የአበርጋቬኒ ጉልተኛ ነበር። ገበሬው ለእሱ ያርሳል፤ እሱ ለንጉሡ ጦር ያሰልፋል። ፊውዳል የሚባለው ሥርዓት ይኸው ነው። ደግ ሰው ነበር እንዳትሉ። በ1175 የዌልስ መኳንንትን አበርጋቬኒ ግንብ ጠርቶ አስፈጅቷቸዋል። እንዲያም ሆኖ ጸሎተኛ ነበር! የዘመኑ ደራሲ ጄራልድ እንደሚለው፣ ደብዳቤዎቹን በእግዚአብሔር ስም እየደጋገመ ስለሚያስሞላ ጸሐፊዎቹ ይሰለቹ ነበር፤ እሱም ለድካማቸው በየዓመቱ ወርቅ ይጨምርላቸው ነበር።

በ1201 ንጉሥ ጆን አየርላንድ ውስጥ የሊመሪክን ግዛት ሰጠው። ሰጠው እንበል እንጂ ዋጋው 5,000 ማርክ ነው። ማርክ ለሂሳብ የሚጠሩት ስም እንጂ በእጅ የሚጨበጥ ገንዘብ አልነበረም፤ አንዱ 160 የብር ፔኒ ያህላል። የግምጃ ቤቱ ጸሐፊዎች ይህን የመሰለውን ዕዳ በብራና ጥቅልል ላይ ይመዘግባሉ። ዊልያም ከፍሎ አልጨረሰም። ንጉሡ ሲወደው ማንም አጥብቆ አልጠየቀውም፤ ሲጠላው ጊዜ ጥቅልሉ ተዘረጋ።

በ1208 ንጉሡ የዊልያምን ልጆች በመያዣነት ፈለገ። ሚስቱ ማቲልዳ፣ የገዛ ወንድሙን ልጅ ለገደለ ሰው ልጆቼን አልሰጥም ብላ መለሰች ይባላል። የንጉሡ የወንድም ልጅ አርተር በ1202 ተማርኮ፣ በ1203 ደብዛው ጠፍቶ ነበርና ቃሏ እሳት ነው።

ቤተሰቡ ወደ አየርላንድ ሸሸ። በ1210 ንጉሡ ጦር ይዞ ባሕር ተሻገረ። ማቲልዳና የበኩር ልጇ ወደ ስኮትላንድ ሲያመልጡ ተያዙ። በዚያው ዓመት እናትና ልጅ በንጉሡ እስር ቤት በረሃብ አለቁ። አባትየው ለማኝ መስሎ ፈረንሳይ ገባና በ1211 እዚያው ሞተ። ንጉሡ ግን ነገሩ የዕዳ ጉዳይ ነው ብሎ ጻፈ፤ መኳንንቱንም በማኅተም አስመሰከረ።

ሌሎቹ ባሮኖች ይህን ሁሉ አይተዋል። በሰኔ 1215 ጆንን ራኒሚድ ሜዳ ላይ አስገድደው ማግና ካርታ በተባለው ሰነድ ማኅተሙን አስመቱት። 39ኛው አንቀጽ፣ ነፃ ሰው ያለ ሕጋዊ ፍርድ አይታሰርም ይላል። ለጌታው የሚያርሰው አብዛኛው ገበሬ ግን በሕግ ነፃ ሰው አይባልም ነበር፤ ይህን ልብ በሉ።

በዚያው ዓመት የሄርፎርድ ጳጳስ የነበረው የዊልያም ልጅ ጃይልስ የአባቱን ርስት አስመለሰ። ሳይከርም ሞተና ርስቱ ለወንድሙ ለሬጅናልድ አለፈ።