ቡናውን ራሳቸው ያፍሉ
(በዳውንታውን ኦክላንድ በተካሄደው የማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ሙያዬ ኦኩፔሽናል ቴራፒ ነው ስላችሁ «ሥራ ታስቀጥሪያለሽ ወይ?» የምትሉኝ ብዙ ናችሁ። እዚህ ላይ ሥራ ማለት ደመወዝ የሚከፈልበት ብቻ አይደለም። መልበስ፣ መታጠብ፣ መጉረስ፣ ቤተ ክርስቲያን መሳለም፣ ቡና ማፍላት ሁሉ ሥራ ነው። ፊዚዮቴራፒ ክንድና እግር እንዲበረታ ያግዛል፤ የእኛ ጥያቄ ደግሞ «በዚህ ክንድ ምን መሥራት ይፈልጋሉ?» የሚል ነው።

ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውን ያደከመባቸውን እናት አስቡ። በግራ እጅ ከመጉረስ ከማዕዱ መራቅን የሚመርጡ አሉ። ይህን ካልነገርነው የውጭ አገሩ ባለሙያ ከየት ያውቀዋል? ከነገርነው ግን ፍትፍቱን እጀታው በወፈረ ማንኪያ በቀኝ እጅ ማለማመድ ይቻላል። ለቡናውም ረከቦቱን ጠረጴዛ ላይ ማውጣት፣ ጀበናውን እስከ ግማሽ ብቻ መሙላት፣ ሲኒው እንዳይንሸራተት ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ ማንጠፍ ይበቃል።

እኛ ግን ከፍቅር የተነሣ «እርስዎ ዐርፈው ይቀመጡ» እንላለን። ሁሉን ስንሠራላቸው በገዛ ቤታቸው እንግዳ ይሆናሉ፤ ያልሠራ እጅም እየባሰበት ይሄዳል።

ስለዚህ ሁለት ነገር ልለምናችሁ።

አንደኛ፣ ወላጆቻችሁ ሆስፒታል ሲተኙ፣ ከመውጣታቸው በፊት ኦኩፔሽናል ቴራፒ ያስፈልጋቸው እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ። ሐኪም አስፈላጊ ነው ብሎ ሲያዝ ሜዲኬርም ሜዲ-ካልም ይሸፍኑታል። አስተርጓሚም በነፃ ይሰጣል። ወንድ ልጅ ስለ እናቱ ገላ መታጠብ እንዲያስተረጉም አታድርጉ፤ እሳቸውም አፍረው ዝም ይላሉ።

ሁለተኛ፣ ስለ ሀገር ቤት። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር፣ በማስተርካርድ ፋውንዴሽን ድጋፍ፣ በሀገራችን የመጀመሪያውን የኦኩፔሽናል ቴራፒ ትምህርት ጀምሯል። ዕቃ ከመላካችን በፊት እነዚህን ባለሙያዎች እንጠይቅ። እዚህ ብሮድዌይ ላይ የሚንከባለል ዊልቸር የጎንደርን ዳገትና ኮብልስቶን ላይችል ይችላል። ለአንዱ ቤት የሚያስፈልገው የሰፈር አናጺ የሚሠራው ከፍ ያለ በርጩማ፣ ለሌላው መጸዳጃ ቤት ግድግዳ ላይ የሚመታ መያዣ ሊሆን ይችላል። ያ ከኮንቴይነር ኪራይ በብዙ ይረክሳል፤ ገንዘቡም እዚያው ለሚሠራው ሰው ይደርሳል።

የዘንድሮው ኮሚቴ ይህን በዕቅዱ እንዲይዝልን በትሕትና እጠይቃለሁ።