መረጃ ከሰርቨር ወደ ስክሪፕት ሲሻገር



በጎጃም የሚገኘው ዲማ ጊዮርጊስ፣ ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው ከተማሩባቸው ገዳማት አንዱ ነው። በቅኔ ቤት አንድ ቃል በሰሙ አንድ፣ በወርቁ ሌላ ፍች መያዙ ባለቅኔውን ያስመሰግነዋል። በፕሮግራም ሥራ ግን አንድ ጽሑፍ ሁለት ፍች ማግኘቱ አደጋ ነው።

የድረ ገጽ ቴምፕሌት ሁለት ጊዜ ይነበባል። በመጀመሪያ ሰርቨሩ በክፍት ቦታው ስሙን፣ ቀኑንና ቁጥሩን ሞልቶ ገጹን ይልካል። ብራውዘሩ ጃቫስክሪፕቱን ማስኬድ በሚጀምርበት ጊዜ የሰርቨሩ ሥራ አልቋል፤ ስለዚህ ስክሪፕቱ የሚያገኘው በቦታው የተጻፈውን ፊደል ብቻ ነው።

ስለ ዲማ በሚያትት ገጽ ላይ «ግዕዝ» የሚለው ስም በላቲን ፊደል ይግባ እንበል። በመካከሉ ነጠላ ጥቅስ የሚመስል ምልክት አለበት፤ ስሙ በነጠላ ጥቅስ መካከል እንዳለ ቢቀመጥ ያ ምልክት ጥቅሱን ያለ ጊዜው ይዘጋዋል፤ ስክሪፕቱም ይበላሻል። ይህ የየዋህ ስሕተት ነው። ተንኰለኛ ሰው ግን በስም መሙያው ላይ ጥቅሱን ዘግቶ የራሱን ትእዛዝ ቢያስከትል፣ ትእዛዙ በሌላ ሰው ብራውዘር ላይ ይፈጸማል።

ለኤችቲኤምኤል የተዘጋጀው መከላከያ በዚህ ቦታ አያገለግልም፤ ብራውዘሩ በስክሪፕት ውስጥ የተለወጡትን ምልክቶች መልሶ አይፈታምና ስሙ ተበላሽቶ ይቀራል። ተራ ጄሶንም ብቻውን አይበቃም፤ በመረጃው ውስጥ የስክሪፕት መዝጊያ ምልክት ቢገኝ፣ ብራውዘሩ በጥቅስ ውስጥ መሆኑን ሳይመለከት ክፍሉን ይዘጋዋል።

የተመሰገነው መንገድ መረጃውን በጄሶን አዘጋጅቶ፣ የማእዘን ቅንፎቹን በዩኒኮድ ቁጥራቸው ተክቶ፣ እንደ ትእዛዝ በማይፈጸም ክፍል ማስቀመጥና ስክሪፕቱ ከዚያ አንብቦ እንዲፈታው ማድረግ ነው። ጃንጎ እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው 2.1 እትሙ ለዚሁ ተግባር የተለየ ማጣሪያ አቅርቧል።

ስለ ፊደላችንም መታወቅ የሚገባው አለ። የፓይተን የተለመደ የጄሶን አሠራር፣ በዩቲኤፍ-8 3 ባይት የሚይዘውን እያንዳንዱን ፊደል በ6 ባይት ይተካዋል፤ መጠኑ ይጨምራል እንጂ ንባቡ አይጐድልም። የግዕዝ አኃዝ ግን በጃቫስክሪፕት ዘንድ እንደ ቁጥር አይቈጠርም፤ ፲፫ኛው ወር ለስሌት የሚላከው 13 ተብሎ ነው።

በመጨረሻም ወደ ብራውዘር የተላከ ሁሉ ለተመልካቹ የተገለጠ ነው፤ ስለዚህ የይለፍ ቃልና የምሥጢር ቁልፍ ከሰርቨሩ ደጅ አይውጡ።