ከኩራዝ ወደ ፀሐይ መብራት



የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ የቲሞችን በማሳደግ ላይ ያላችሁ እናቶችና ዘመዶች፤

ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርዕስ የፀሐይ ኃይል ነው። ቁርኣን ፀሐይን «ሲራጅ»፣ ማለትም መብራት ብሎ ይጠራታል። በመድረሳ ይህንን ቃል ስንቀራ የቀን መብራት መሆኗን ብቻ እናስብ ነበር፤ ዛሬ ግን የቀኑን ብርሃን ለምሽት ማስቀመጥ ተችሏል።

በአስተማሪነት ዘመኔ በኩራዝ የሚያጠናን ተማሪ ከደብተሩ አውቀዋለሁ። ገጹ ላይ የላምባ ጠብታ ይታያል፤ ወረቀቱም ጭስ ጭስ ይሸታል። ጭሱ ዓይንንና ሳንባን ይጎዳል፤ ኩራዙ ሲወድቅ ደግሞ ልጅ ያቃጥላል፣ ቤት ያነዳል። ላምባ በየጊዜው የሚገዛ ነገር በመሆኑ፣ ባሏ የሞተባት እናት ገንዘብ ባጠራት ሳምንት አስቀድሞ የሚቋረጠው የልጆቿ የማታ ጥናት ነው።

ሕዝቡ «ሶላር» የሚለው ሥራ አዲስ አይደለም። ዛሬ ለምንጠቀምበት ዓይነት መሠረት የሆነው የሲሊኮን ሴል በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ የተሠራው በ1954 እ.ኤ.አ. ነው። ለረጅም ጊዜ ዋጋው የማይቀመስ ነበር። ከ2010 እስከ 2020 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት ግን የሰሌዳው ዋጋ 90 በመቶ ገደማ ወረደ። በየመን ከ2015ቱ ጦርነት በኋላ የመንግሥት መብራት ሲጠፋ ብዙው ቤተሰብ በጣሪያው ላይ ሰሌዳ ሰቀለ። ፓኪስታን በ2024 እ.ኤ.አ. ብቻ 17 ጊጋዋት ያህል ሰሌዳ ከውጭ አስገባች፤ ገዢዎቹ በአብዛኛው በመብራት ክፍያ መናርና በመቆራረጡ የተማረሩ ቤተሰቦች፣ ገበሬዎችና ፋብሪካዎች ነበሩ።

በአገራችን በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ በቀን በአማካይ ከ5 ኪሎዋት ሰዓት በላይ የሚሆን የፀሐይ ኃይል ያርፋል። ይሁን እንጂ ከሕዝባችን ግማሽ የሚጠጋው እስከ አሁን የኤሌክትሪክ መብራት አላገኘም።

እንግዲህ ለየቲም ቤት መብራት ለመስጠት የምትነይቱ ወገኖች፣ ስለ ባትሪው አጥብቃችሁ ጠይቁ። ሰሌዳው ከ20 ዓመት በላይ ሊያገለግል ይችላል፤ ባትሪው ግን በጥቂት ዓመታት ይደክማል። በገበያ ላይ መልኩ የሚያምር፣ ዋስትና የሌለው፣ ባትሪውም የማይለወጥ ፋኖስ ሞልቷል። እንዲህ ያለውን ለመቶ ቤት ከማደል ጥራቱ የተመሰከረለትን ለሠላሳ ቤት መስጠት ይሻላል ባይ ነኝ። ቬራሶል የተባለው ዓለም አቀፍ ፕሮግራም ተፈትነው ያለፉትን ዕቃዎች ስም ዝርዝር ያወጣል፤ ከመግዛታችሁ በፊት ማየቱ ይጠቅማል። ለባትሪ መለወጫ የሚሆን ገንዘብም ከመጀመሪያው ይያዝ።

አሳዳጊዎችም የምታደርጉት አለ። ሰሌዳው ከዛፍና ከግድግዳ ጥላ ይራቅ፤ አቧራ ሲይዘው በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። በክረምት ደመናው ኃይሉን ስለሚቀንሰው ስልክ መሙላቱ ይቆይና ብርሃኑ ለጥናት ይቅደም። የጎረቤት ስልክ በክፍያ ሞልተው ለባትሪ የሚያጠራቅሙ እናቶች አሉ፤ ይህም በጋ ላይ መልካም ዘዴ ነው።

ሻጩ «እንጀራም ይጋግራል» ቢላችሁ ግን አትመኑት። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ይፈልጋል፤ የፋኖሱ ሰሌዳ ከጥቂት ዋት አያልፍም። የማገዶውን ችግር ይህ መብራት አይፈታውም።

መብራቱ ቤት ከገባ በኋላ በልጁ ስም ይመዝገብ፤ ሰሌዳውን ማታ ማታ ወደ ቤት የማስገባቱ ኃላፊነትም ለራሱ ለልጁ ይሰጠው። ከስድስት ወር በኋላ ከማኅበሩ አንድ ሰው ሄዶ መሥራቱን ይይ፤ ከተበላሸም ዋስትናው ሳያልፍ ወደ ሻጩ ይመለስ።