የጨፋ ግጦሽና የሕግ ተማሪው
(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



የቦርከና ወንዝ የሚያጠጣው የጨፋ ረግረግ በበጋም ሣሩ ቶሎ ስለማይደርቅ፣ ከቆላ የሚወጣው የአፋር ከብት ከአካባቢው የኦሮሞና የአርጎባ ከብት ጋር ይሰማራበታል። በጨፋ ሮቢትና በከሚሴ ዙሪያ የተወለደ ሰው ይህን እያየ ያድጋል። ማን በየትኛው ወር፣ በየት በኩል እንደሚገባ የሚወሰነው ከካርታ ይልቅ በሽማግሌዎች ቃል ነው። እርሻው እየሰፋ ግጦሹ ሲጠብብ ግን «ማስረጃህ የታለ?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል። የነባር ሕዝቦችን መብትና ዓለም አቀፍ ሕግን ለሙያ ሊያጠና የተነሣ ወጣት ትምህርቱን ከዚህ ጥያቄ ቢጀምር ይበጀዋል።

«ነባር ሕዝብ» የሚለው ስያሜ ራሱ በአፍሪካ አከራካሪ ነው፤ አፍሪካዊ ሁሉ ነባር ነው ይባላልና። የአፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ግን ዋናውን ነጥብ ቀድሞ በመስፈር ላይ አላደረገውም፤ የሚመለከተው ኑሮው ከመሬቱ ጋር ያለውን ልዩ ትስስርና የደረሰበትን መገለል ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ደግሞ «ብሔር፣ ብሔረሰብ፣ ሕዝብ» በሚሉት ቃላት ይሠራል።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የነባር ሕዝቦችን መብቶች መግለጫ ያጸደቀው መስከረም 2 ቀን 2000 ዓ.ም. ነበር። 144 አገሮች ሲደግፉ፣ 4 ሲቃወሙ፣ 11 ድምፅ ሲያቅቡ፣ ኢትዮጵያ በድምፅ መስጫው አልተገኘችም። አዲሱን ሺህ ዓመት በተቀበለች ማግሥት መሆኑ እንግዲህ የአጋጣሚ ነገር ነው። የዓለም የሥራ ድርጅትን 169ኛ ስምምነትም አላጸደቀችም። ስለዚህ የጄኔቫንና የኒውዮርክን ሰነድ ብቻ ያጠና ጠበቃ ከሚሴ ሲደርስ እጁ ባዶ ነው።

የሚጨበጠው ሌላ ነው። ኢትዮጵያ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶችን ቃል ኪዳን በ1985፣ የአፍሪካን ቻርተር በ1990 ዓ.ም. ተቀብላለች። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 9(4) የጸደቁ ስምምነቶችን የአገሪቱ ሕግ አካል ያደርጋል፤ በአንቀጽ 40(5) አርብቶ አደሮች ለግጦሽና ለእርሻ የሚሆን መሬት በነጻ የማግኘትና ከመሬታቸው ያለመፈናቀል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ይህችን አጭር ንዑስ አንቀጽ በቃሉ የማያውቅ ሰው በጨፋ ጉዳይ ጠበቃ ሊሆን አይገባውም።

ይኸው ቻርተር ምን ሊሠራ እንደሚችል በኬንያ ታይቷል። የእንዶሮይስ ከብት አርቢዎች ከቦጎሪያ ሐይቅ ዙሪያ የተነሡት ቦታው የዱር አራዊት ጥብቅ ሥፍራ እንዲሆን ተብሎ ነበር። አቤቱታቸው ለኮሚሽኑ ቀርቦ፣ በ2002 ዓ.ም. በይፋ በታወቀው ውሳኔ የንብረት፣ የባህል፣ የሃይማኖት፣ የተፈጥሮ ሀብትና የልማት መብቶቻቸው እንደተጣሱ ተረጋገጠ። ኮሚሽኑ የርስት ባለቤትነት በወረቀት ብቻ አይለካም፤ በቆየ ልማድ የተያዘ መሬትም ንብረት ነው አለ። ለጨፋ የሚጠቅመው ይህ ነው። ዳሩ ግን ኬንያ ውሳኔውን ለመፈጸም ዘገየች፤ ተማሪውም ፍርድ ማግኘትና መሬት ማግኘት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ ይማራል። ደግሞም ወደ ኮሚሽኑ የሚኬደው የአገር ውስጥ መንገድ ካለቀ በኋላ ነው። በኢትዮጵያ ይህ መንገድ ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ክርክር ሲነሣ በሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ በኩል ወደ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ያመራል።

ስለ እንጀራውም መናገር ያሻል። ሙያው በስሙ ሰፊ ቢመስልም ወንበሩ ጥቂት ነው፤ የፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ የሰብአዊ መብቶች ማዕከል ከየአፍሪካው አገር የሚቀበላቸው ተማሪዎችም ጥቂቶች ናቸው። ከሁለተኛ የውጭ ዲግሪ ይልቅ በወረዳ የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሁለት ሦስት ዓመት መሥራት ሳይሻል አይቀርም። አፋን ኦሮሞ የብሔረሰብ ዞኑ የሥራ ቋንቋ ስለሆነ ግድ ነው፤ አፋርኛ የሚሰማ ደግሞ እጥፍ ይጠቅማል። በወሎ አበጋር የሚባሉት አስታራቂዎች እንዴት እንደሚዳኙ መቀመጥና ማየትም እንደ አንድ ኮርስ ይቆጠር። የግጦሹን ስምምነት የሁሉም ወገን ሽማግሌዎች ባሉበት መጻፍ፣ ቀኑንና ምስክሮቹን ማስፈር፣ ቅጂውን ለየወገኑ መስጠት የሚቻለው ክርክር ሳይነሣ፣ የአፋር ከብት ወደ ጨፋ በሚወጣበት በበጋ ነው።